ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ቱሪንግ ሞተርሳይክልን ማዘጋጀትና ለሰውነት ማመቻቸት

ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ሞተሬ ብዙ ኪሎ ሜትር በልቷል፣ ረጅም መንገድ ያደርሰኛል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ወገቤን ጨረሰኝ፣ የትኛውን ኮርቻ ልግዛ?» ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ በተራ አስቀመጥኩት።

የቱሪንግ ሞተርሳይክል ኢንጂን በቀላሉ እጅ አይሰጥም። መንገድ ላይ የሚያስቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ባትሪ፣ ካቴና፣ ጎማ፣ የላላ ብሎን። ምቾቱም ላይ እንደዚያው ነው። ኪስ ሳይነካ በመፍቻ ብቻ የሚስተካከል ብዙ ነገር አለ። ስለዚህ ተራውን አትዝለሉ። መጀመሪያ ጥገና፣ ቀጥሎ ማስተካከል፣ መግዛት መጨረሻ።

ሥራውን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ዕቃ ማዘዝ ሊያስፈልግ ይችላል፣ የተነካ ነገር ሁሉ ደግሞ በቅርብ መንገድ መሞከር አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሞተርሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ
- የመፍቻና የአለን ቁልፍ ስብስብ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ
- ቶርክ ሬንች (ብሎንን በተወሰነ ጉልበት ልክ የሚያጠብቅ መፍቻ)
- የጎማ ንፋስ መለኪያ
- ቮልት የሚለካ መልቲሜትር
- ሜትር እና ማርከር
- ላምባ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ የካቴና ቅባት
- የኢንጂን ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የዘይት ማፍሰሻ ብሎኑ አዲስ ዋሸር
- ስስ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር
- የሚረዳችሁ አንድ ሰው (ለደረጃ 8 የግድ ነው)

ክፍል አንድ፦ እንዲያደርሳችሁ

1. መመሪያ መጽሐፉን አውጡ፣ ያለበትን ሁኔታ ጻፉ

መጽሐፉ ከጠፋባችሁ አብዛኞቹ አምራቾች ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጡታል። እዚህ የምሰጣችሁ ቁጥሮች ለብዙዎቹ ሞተርሳይክሎች የሚሠሩ ናቸው፤ መጽሐፉ ሌላ ቁጥር ካለው ግን እሱን ያዙ።

ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ጎማ መቼ እንደተቀየሩ ጻፉ። መቼ እንደተቀየረ የማታውቁት ነገር ካለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ያገለገለ ሞተርሳይክል ከገዛችሁ «ባለፈው ወር ነው የተቀየረው» የሚለውን የሻጭ ቃል ደብተር ላይ አታስፍሩ።

2. ጎማ

ንፋሱን የምትለኩት ጎማው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ ማለትም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ። ሲነዳ ይሞቃል፣ ንፋሱም ይጨምራል፣ ያኔ የምታነቡት ቁጥር ያታልላችኋል። ትልልቅ ቱሪንግ ሞተርሳይክሎች ላይ የፊቱ 36፣ የኋላው 42 ፒኤስአይ የተለመደ ነው። ከኋላ ሰውና ሻንጣ ሲጫን የሚሞላው መጠን ብዙ ጊዜ ለብቻው ተጽፏል።

ቀጥሎ ጥርሱን እዩ። በብዙ አገሮች ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ለረጅም መንገድ ግን የኋላው ከ3 በታች ከሆነ ሳትወጡ ቀይሩት፤ አለዚያ የሚያልቀው እዚያው መንገድ ላይ ነው። መሃሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ከሆነም ጊዜው አልፏል። እንዲህ ያለ ጎማ ኩርባ ላይ ስትጋደሉ መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ከዚያ በድንገት ይወድቃል።

ዕድሜውን ጎኑ ላይ ታገኙታላችሁ። «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ። 2322 ካለ በፈረንጆቹ 2022፣ 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና ቢሆንም ጎኑ ላይ ስንጥቅ ካለ አትመኑት።

3. ካቴና

የእናንተ ሞተርሳይክል እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ወይም ያማሃ ኤፍጄአር 1300 በሻፍት የሚሄድ ከሆነ የሻፍቱን ዘይት በጊዜው ቀይሩና ወደ ቁጥር 4 እለፉ። ካቴና ያላችሁ ግን እዚህ ጋ ረጋ በሉ፤ ብዙ ችግር የሚወለደው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ልላቱን ለኩ። ከፊትና ከኋላ ጥርሶች (ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሳም ክቦች) መሃል፣ የታችኛውን የካቴና መስመር በጣት ወደ ላይ ግፉት፣ ከዚያ ወደ ታች ሳቡት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለብዙ ሞተርሳይክሎች ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ ላይ ተለጥፏል። በጎን ማቆሚያ ይለካ ወይስ በመሃል ማቆሚያ የሚለውንም መጽሐፉ ይነግራችኋል፤ ልዩነት ያመጣል።

አንድ ቦታ ለክታችሁ አትተዉት። ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ አራት ቦታ ላይ ለኩ። ካቴና በእኩል አያልቅም፤ አንድ ቦታ ይጠብቃል፣ ሌላ ቦታ ይላላል። የምታስተካክሉት በጣም የጠበቀው ቦታ ላይ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ካቴናው አልቋል። ሌላ ቀላል ምርመራ አለ፦ ከኋለኛው ጥርስ ጀርባ ካቴናውን ወደ ኋላ ሳቡት። ተነሥቶ የጥርሱ ግማሽ ከታያችሁ መቀየር አለበት። ስትቀይሩ የፊቱንም የኋላውንም ጥርስ አብራችሁ ቀይሩ፣ ያረጀ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል።

ለማስተካከል የኋላውን ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ዳዶ አላሉ። ግራና ቀኝ ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች ሩብ ዙር ሩብ ዙር፣ ሁለቱንም እኩል አዙሩ። ሁለቱም ጎን ያሉት ምልክቶች አንድ ቦታ ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ጎማው ተንሻፎ ይሄዳል። ከዚያ ዳዶውን በቶርክ ሬንች በመጽሐፉ ልክ አጥብቁ፣ እና እንደገና ለኩ። ይቺን የመጨረሻዋን ልኬት የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ዳዶው ሲጠብቅ ግን ካቴናውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠብቃል።

ለምን ይሄ ሁሉ? የኋላው ሞላ በጭነት ሲወርድ በፊትና በኋላ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል። ባዶ ቆሞ «ልክ ነው» ያላችሁት ጥብቅ ካቴና ሰውና ሻንጣ ሲጫን ይወጠራል፣ የካምቢዮውን ኩሽኔታና ዘይት መያዣ ጎማ ይጎዳል። የሚያመነታ ሰው ከማጥበቅ ትንሽ ወደ ማላላት ቢያደላ ይሻለዋል።

ጽዳቱ በላምባና በለስላሳ ብሩሽ ነው። ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ አይነካውም። በካቴናው ዘለላዎች መካከል ያሉት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ፋብሪካው ያስገባውን ግሪስ ይዘው የሚያቆዩ ናቸው፤ እነሱ ከተበጠሱ ከውጭ የምትቀቡት ዘይት አያድነውም። ቅባቱን ከጉዞ በኋላ ካቴናው ሞቅ እንዳለ ከውስጥ በኩል ቀቡት፣ ሌሊቱን ይደር። በየ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትሩ፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ በዚያው ቀን።

ማስጠንቀቂያ፦ ካቴና ስታጸዱም ስትቀቡም ኢንጂኑ ይጥፋ። አስነሥቶ፣ ማርሽ አስገብቶ ጎማው እየዞረ ጨርቅ የሚይዝበት አለ። ጣት የሚቆረጠው እንደዚያ ነው። በእጅ አዙሩ።

4. ዘይት፣ ውሃ፣ አየር

የዘይቱ ጣሳ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚል ምልክት ፈልጉ። የአብዛኞቹ ሞተርሳይክሎች ፍሪሲዮን በኢንጂኑ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው፤ ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ የመኪና ዘይቶች ማንሸራተቻ ስላለባቸው ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሊጀምር ይችላል። ኢንጂኑ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም።

መጠኑን ስታዩ በብዙዎቹ ላይ ኢንጂኑ ሞቆ፣ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ ሞተርሳይክሉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በጎን ማቆሚያ ተጋድሞ ካያችሁት የጎደለ ይመስላችኋል፣ ትጨምራላችሁ፣ ይበዛል። መብዛቱም ይጎዳል።

የራዲያተር ፈሳሹ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ነው። ክዳኑን ኢንጂኑ ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ፤ በግፊት ይወጣል፣ ያቃጥላል። የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ተመልከቱ፣ አቧራ መንገድ ላይ ከቆየ ቀይሩት።

5. ፍሬን

የፍሬን ሸራው ውፍረት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከወረደ ይቀየር። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ በየ2 ዓመቱ። ዶት 4 የሚባለው ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ውሃ የገባበት ዘይት ቶሎ ይፈላል። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይሠራል፣ መያዣውም ወደ ውስጥ ባዶውን ይገባል። ከወርቃማ ወደ ጥቁር ቡናማ የተቀየረ ዘይት ካያችሁ ቀን አትቁጠሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዶት 4 ቀለም ይልጣል፤ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡት። ዶት 5 የሲሊኮን ዘይት ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። አየር ማስወጣቱን የማታውቁት ከሆነ፣ በተለይ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) ካለው፣ ይህን ሥራ ለባለሙያ ስጡ።

6. ባትሪና ቻርጅ

ጠዋት መብራት በድንገት ከሚጠፋበት ሰው መሆን ካልፈለጋችሁ ይሄ ሦስት ልኬት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሀ) ሞተርሳይክሉ ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ባትሪው 12.7 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 እና ከዚያ በታች ከሆነ ቻርጅ አድርጋችሁ በነጋታው እንደገና ለኩ። እንደገና ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የሆነ ነገር ቆሞም እየሳበው ነው።

ለ) ስታስነሱ ቁጥሩን እያያችሁ። ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪውን አትመኑት።

ሐ) ኢንጂኑን ወደ 5000 ዙር ከፍ አድርጋችሁ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ጥሩ ነው። ከ13.5 በታች ከሆነ ቻርጅ አያደርግም። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው።

የሬጉሌተሩን ሶኬት ነቅላችሁ እዩት። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ በአንዷ ሽቦ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ ችግሩ ገና ሳይመጣ አግኝታችሁታል። እዚያ ቦታ ግንኙነቱ ላልቷል፣ የላላ ግንኙነት ይግላል፣ ሙቀቱ ደግሞ የበለጠ ያላላዋል። ብዙ ሰው ባትሪ በባትሪ ላይ የሚቀይረው ይህቺን ሶኬት ሳያይ ነው።

7. ቫልቭ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን

የቫልቭ ክፍተት የሚታይበትን ኪሎ ሜትር ከመጽሐፉ አንብቡ። ለሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 በየ24,000፣ ለኤፍጄአር 1300 በየ42,000 ኪሎ ሜትር ነው። «ድምፅ የለውም፣ ደህና ነው» አትበሉ። ቫልቭ መቀመጫው ላይ እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ድምፁም ጭራሽ ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ መዝጋት ሲያቅተው ይቃጠላል።

የመሪውን ኩሽኔታ ለማየት የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱት፣ የሹካውን ታች ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁ። ኳ ኳ ካለ ላልቷል። መሪውን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ መሃል ላይ ቆም የሚል ከሆነ ደግሞ አልቋል። ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በመፍቻ ንኩ፣ ሻንጣ መያዣውን በተለይ። የጠበቀውን ብሎን ከነዳዶው በማርከር አንድ መስመር አስምሩበት፤ መንገድ ላይ መስመሩ ከተሰበረ መላላቱን በዓይን ታያላችሁ።

ክፍል ሁለት፦ እንዳይጨርሳችሁ

እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ንዱት፣ ከዚያ ሌላውን። ሦስት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የቱ እንደረዳ፣ የቱ እንዳባሰ አታውቁም።

8. ሞላውን ለክብደታችሁ አስተካክሉ

ኮርቻ ከመግዛት በፊት ይሄን። ወገብ የሚመታው ብዙ ጊዜ መቀመጫው ሳይሆን ለእናንተ ክብደት ያልተስተካከለ የኋላ ሞላ ነው።

በመሃል ማቆሚያ አቁማችሁ የኋላ ጎማው ከመሬት ሲነሣ ከፔርኖው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ካለ አንድ ቋሚ ነጥብ ድረስ ለኩ። ነጥቡን በማርከር ምልክት አድርጉበት። ከዚያ አውርዱት፣ የመንገድ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ተቀመጡ፣ ረዳታችሁ እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከሞላው አጠቃላይ ጉዞ ሲሶ አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከወረደ ሞላውን አጥብቁ፣ ካነሰ አላሉ። የኋላ ሰውና ሻንጣ ሲጨመር ከነጭነቱ እንደገና ይለካል።

ኋላው ዝቅ ያለ ሞተርሳይክል መሪው ይሰንፋል፣ የፊት መብራቱ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል፣ ጉድጓድ ላይ ደግሞ ሞላው ጨርሶ ይወርድና ምቱ ቀጥታ አከርካሪ ላይ ያርፋል።

9. እጅና እግር

ፍሬንና ፍሪሲዮን መያዣዎቹን አዙራችሁ ክንዳችሁና ጣቶቻችሁ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ እንዲውሉ አድርጉ። አንጓችሁ ወደ ላይ ከታጠፈ በሰዓታት ውስጥ ይደነዝዛል። ይሄ ወጪ የለውም።

ትከሻችሁ ወደ ፊት የሚሳብ ከሆነ መሪውን ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሚያነሣ ማስረዘሚያ ይረዳል። ስታስገቡ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩ፤ የተወጠረ የፍሬን ቱቦ ወይም ሽቦ መኖር የለበትም። ከዚያ ኢንጂኑን አስነሥታችሁ፣ ማርሽ ሳታስገቡ፣ እንደገና አዙሩ። ዙሩ በራሱ ከጨመረ የነዳጅ መስጫው ገመድ ተስቧል ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ መንገድ አትውጡ።

ጉልበት ለሚያማቸው ዝቅ ያለ የእግር መርገጫ አለ። ግን ኩርባ ላይ መሬት ቶሎ ይነካል፣ የማርሽና የፍሬን መርገጫውም አብሮ ዝቅ መደረግ አለበት።

10. ንፋስ

ጭንቅላት የሚያናውጥና የሚያስጮህ ንፋስ ሲያጋጥም ሁሉም ወዲያው ረጅም መከላከያ ይገዛል። መጀመሪያ ይቺን ሙከራ አድርጉ። ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት ስትሄዱ ከኮርቻው ትንሽ ተነሡ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ዝቅ በሉ። ከፍ ስትሉ ጸጥ ካለ ራሳችሁ የተቀመጠው መከላከያው ጫፍ በሚያተራምሰው ንፋስ ውስጥ ነው፤ አጭር መከላከያ ሊሻላችሁ ይችላል። ዝቅ ስትሉ ጸጥ ካለ ረጅም ያስፈልጋችኋል። አጭር መከላከያ ጸጥታ ያመጣል ሲባል ብዙ ሰው አያምንም፣ ግን ያልተረበሸ ንፋስ ከተተራመሰው ያነሰ ይጮሃል።

ጫፉ አፍንጫችሁ አካባቢ ይሁን፣ በላዩ እዩ እንጂ በውስጡ አትዩ። ማታ በዝናብ፣ ከፊት መብራት ሲመጣ፣ ጠብታ የሞላው ፕላስቲክ ምንም አያሳይም። ከጀርባ የሚገፋችሁ ንፋስ ካለ ደግሞ መከላከያው ጀርባ አየር ጎድሏል፤ ከሥሩ በትንሽ ዋሸር ወደ ፊት ገፋ አድርጋችሁ ክፍተት ስጡት።

የቱንም ብታስገቡ በፍጥነት መንገድ ላይ ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ድምፅ ከ90 ዴሲቤል ያልፋል። ለሰዓታት ጆሮ የሚጎዳ ነው። የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ አድርጉ፤ ድካሙም በግልጽ ይቀንሳል።

11. ኮርቻ

አሁን ኮርቻ። ሱቅ ውስጥ ለስላሳ የሆነው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተጨፍልቆ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ይሰማችኋል። ጠንከር ብሎ ሰፋ ያለው ነው የሚሻለው። ወደ ታንከሩ እያንሸራተታችሁ ከሆነ ችግሩ ቁልቁለቱ ነው፤ ጄል ብትጨምሩበትም መንሸራተቱ አይቀርም።

በአየር የሚሞላ ትራስ ካላችሁ አትወጥሩት። ተቀምጣችሁ አየሩን ልቀቁለት፣ ከኮርቻው አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ያንሣችሁ። የውስጥ ሱሪያችሁ ስፌት የት እንደሚያርፍም እዩ። ይሳቃል እንጂ ብዙ «መጥፎ ኮርቻ» ጥፋቱ የወፍራም ስፌት ነው። የብስክሌተኛ ቁምጣ ከሥር ልበሱ።

12. ኤሌክትሪክና ጭነት

የሚያሞቅ መያዣ ወደ 40 ዋት፣ የሚያሞቅ ጃኬት ከ70 በላይ ይበላል። ከመግዛታችሁ በፊት ዲናሞው የሚተርፈውን አስሉ። ሽቦውን ከፊት መብራት ላይ አትጥለፉ። ከባትሪው በሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) አምጡት፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ እንዲሠራ፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን። ፊውዙ ሩቅ ከሆነ ከሱ በፊት ያለው ሽቦ ቢላጥ የሚያቋርጠው የለም፣ ይቃጠላል።

ከባዱን ዕቃ ታች፣ ወደ መሃል፣ ግራና ቀኙን እኩል አድርጉ። የኋላው ላይኛ ሳጥን የሚችለው ክብደት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ነው፣ ክዳኑ ውስጥ ተጽፏል። ከዚያ ካለፈ ፍጥነት ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- በግፊት ውሃ ኩሽኔታና ካቴና ላይ መርጨት። ግሪሱ ይወጣል፣ ውሃው ይቀራል።
- አዲስ ጎማ በገባ በመጀመሪያው ቀን ኩርባ መጋደል። የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ቀስ በሉ።
- ጎማ ላይ ማብለጫ መቀባት። ዳር ላይ ከደረሰ ያንሸራትታል።
- የፍሬን ሸራ ቀይሮ መያዣውን ደጋግሞ ሳይጫኑ መውጣት። መጀመሪያ ሲጫኑት ባዶውን ይገባል።
- ብሎንን በጉልበት ማጥበቅ። አሉሚኒየም ላይ ያለ ጥርስ ከተላጠ ሌላ ሥራ ነው።

13. ሙከራ

ከነሙሉ ጭነቱ፣ የኋላ ሰው ካለም ከነሰውየው፣ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱት። ስትመለሱ በማርከር ያሰመራችኋቸውን ብሎኖች እዩ፣ የዘይት ጠብታ ፈልጉ፣ ሻንጣው ጎማ ወይም ጭስ ማውጫ ነክቶ እንደሆነ ፈትሹ። ሰውነታችሁ የቱ ጋ እንዳመማችሁ፣ በስንተኛው ሰዓት እንደጀመረም እዚያው ሳትረሱ ጻፉ። ቀጥሎ የምትነኩት ያንን አንድ ነገር ነው።